ጭሱ መውጫ፣ አየሩ መግቢያ፦ የእንጨትና የከሰል ምድጃ በጎንደር ቤቶች

ደምቢያ ውስጥ ያደግሁበት የሣር ክዳን ቤት ጣሪያው ከውስጥ ጥቁር ነበር። ወራጁም ማገሩም ጥላሸት ጠጥቶ ቅባት እንደተቀባ ያብለጨልጫል፤ ክረምት ሲከብድ ከላይ ጥቁር ጠብታ መደቡ ላይ ይወርዳል። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቤቱ ራሱ የሚጨስ ይመስል ነበር። ጭሱ በሣሩ መካከል እየተጣራ፣ በግድግዳው አናት ባለው ክፍተት እየሾለከ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዓይናችን ይቃጠል ነበር፤ ሳልም ከቤቱ አይጠፋም ነበር። ቢሆንም ያ ቤት በሁሉም ወገን ይተነፍስ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። የግቢያችን ማዕድ ቤት በብሎኬት የተሠራ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ የብረት በርና አንድ የመስታወት መስኮት አለው። ንፁህ ነው፣ አይጥ አይገባበትም፣ አያፈስም። እሳቱ ግን ያው የእናቴ እሳት ነው። ቤታችን ተለወጠ፤ እሳታችን አልተለወጠም። የሣር ቤቱ ሳንጠይቀው ይሠራልን የነበረውን ሥራ አሁን እኛው አስበን፣ ለክተን፣ ቀዳዳ ከፍተን ልንሠራው ግድ ነው። ምድጃ ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻውን በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እሳት ከእንጨቱ እኩል አየር ይበላል፤ እንዲያውም ይበልጣል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ተሟልቶ እንዲነድ ቢያንስ 6 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከቆላው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያ 6 ኪሎ አየር እዚህ ከ6 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። ይህን ሁሉ አየር የሚስብ እሳት በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እንጨቱ በደንብ ሳይነድ ይጨሳል። ሁለተኛ፣ ጭስ ማውጫ ካለው አየሩ የሚገባበት ሌላ መንገድ ሲያጣ በራሱ በጭስ ማውጫው ወደ ታች ይመጣል፤ ጭሱንም ይዞት ይመለሳል። «ጭስ ማውጫው አይስብም» እየተባለ ሠራተኛው ከሚወቀስባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ጥፋቱ የቱቦው ሳይሆን የዝግ በሩ ነው።

የእንጨት ጭስ ጉዳቱ በዝግታ ነው። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ ዘመናቸውን ምጣድ ሥር በቆዩ እናቶች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የዓይን ሞራ ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። እንጨት ግን ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሰውም ተነሥቶ ይወጣል። ከሰል እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ጭስ የሌለው እሳት

በወጣትነቴ አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቡና አፍልቼ ስጨርስ ፍሙ አሳዘነኝ፤ ቤቱን ያሙቅልኝ ብዬ ምድጃውን አልጋዬ አጠገብ አስጠግቼ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወትፌ ጋደም አልሁ። የቤቱ ባለቤት ደጋግመው ሲያንኳኩ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ መነሣት አልቻልሁም። በሩን ገፍተው ገቡና «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። «እትዬ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ጎትተው ደጅ ዝናቡ ላይ አስቀመጡኝ። ራሴን እንደ መዶሻ ሲመታኝ ዋለ። ክፍሉ ውስጥ ግን ጭስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሽታውም የዕጣን ብቻ ነበር።

ያፈነኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። ከሰል ሲቀጣጠል አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ቢመለከቱት በፍሙ አናት ላይ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ሲጫወት ያያሉ፤ ያ የሚነደው ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከሰሉ ሥር አየር ገብቶ ይነድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ያ ጋዝ በጋለው ከሰል መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ እንደገና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ሰማያዊው ነበልባል እስካለ ድረስ ከጋዙ የተወሰነው እላዩ ላይ ይቃጠላል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ እኛ «አሁን ጠራ፣ ወደ ቤት ይግባ» በምንልበት ሰዓት፣ የሚቃጠልለት የለም፤ እንዳለ ወደ ክፍሉ ይወጣል።

ስለዚህ ከሰልን ደጅ አቀጣጥሎ ካቀላ በኋላ ማስገባት ሽታውንና ጭሱን ያስቀራል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ይህን ልማድ ብዙዎቻችን ከእናቶቻችን ወርሰነዋል፤ ጥሩ ልማድም ነው፤ ግን የሚጠብቀን ከግማሹ አደጋ ብቻ ነው። ማታ እሳት አዳፍኖ ማደርም እንዲሁ። በሣር ቤት ረመጡን አመድ አልብሰን ለጠዋት እናቆይ ነበር፤ የተዳፈነ እሳት አየር ስለሚያጥረው ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ጋዝ ሲያወጣ ያድራል። ጣሪያው ያሳልፍ ስለነበር ነው በሰላም ያደርነው። በብሎኬት ክፍል ውስጥ ግን የተዳፈነ እሳት ይዞ መተኛት ሞት ነው።

መጠኑን ለማየት ያህል ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንድ ኪሎ ከሰል በቤት ምድጃ ሲነድ በአማካይ 200 ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ርዝመቷ 4፣ ወርዷ 3፣ ከፍታዋ 2.5 ሜትር የሆነች የኪራይ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ቀዳዳዋ ሁሉ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ግማሽ ኪሎ ከሰል ቢነድ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ3 ግራም በላይ ጋዝ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ለ15 ደቂቃ እንኳ ከዚያ በላይ መተንፈስ የለበትም ያለው ልክ 100 ሚሊግራም ነው። ከ30 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ጋዙ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ የሚይዝበት ኃይል ከኦክስጅን 200 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። ትኩሳት የለውም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ከታመመ፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ነው ብለው አይለፉት። በእርግዝና ላይ ያለች ሴትና በሆዷ ያለው ጽንስ ከሁሉም የበለጠ ይጎዳሉ፤ ጋዙ ከጽንሱ ደም ቶሎ አይወጣም። አራስ ቤት ከሰል ማስቀመጥ የእኛ አገር ደግነት ነው፤ ብርድ እንዳይመታት ብለን ነው። እባካችሁ አራሷን በልብስና በሙቅ ውሃ እናሙቃት፤ ፍሙን ከዚያ ክፍል እናውጣው።

ጋዙ ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይቀራል፣ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። ክብደቱ ከአየር ጋር እጅግ ተቀራራቢ ስለሆነ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ይዋሐዳል። አጠገቡ ውሃ ወይም ጨው ማስቀመጥም አይቀንሰውም።

ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ፣ መቼም መፍላቱ አይቀርም፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ሁለት ክፍት ቦታዎች ይኑሩ፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከጣሪያ ሥር። በሩ ገርበብ፣ መስኮቱ ከፈት ቢል ይህንኑ ያስገኛል። ሦስተኛው ስኒ እንዳለቀ ምድጃው ይውጣ፤ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ኮሪደር ሳይሆን ወደ ደጅ። ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖሩም ያው ነው፤ በረንዳው ለዚህ ይሁን፣ የበረንዳው በር ግን ጭሱን መልሶ እንዳያስገባ ይዘጋ። ለጥምቀት ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ቢላችሁ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ እንዲያመጣ ንገሩት። የጭስ ጠቋሚ ሌላ ነው፤ ይህን ጋዝ አያውቀውም። ጠቋሚው በመኝታው አቅራቢያ ይሰቀል፤ ጊዜው የሚያልፍበት ዓመት ጀርባው ላይ ስለሚጻፍ እሱንም ማየት ነው።

ጭስ ማውጫ መትከል

ጎረቤቴ ባለፈው በጋ ሦስቱን ጉልቻ ትተው ምርጥ ምድጃ አስገቡ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ማለቴ ነው። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ እሳቱ ስለተከለለም ልጅ አይወድቅበትም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን አለ፦ የተለመደው ምርጥ ምድጃ በራሱ ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ ከኋላ ባለው የድስት መቀመጫ በኩል ይወጣና እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ማገዶ መቆጠብና ከጭስ መገላገል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲያዝዙ የቱቦ መግጠሚያ ያለውን መጠየቅ ይሻላል።

ጎረቤቴ ቱቦውን ብየዳ ቤት አሠሩ፤ ተተከለ። ከሁለት ወር በኋላ ግድግዳቸው ላይ ሻይ የመሰለ ቡናማ ፈሳሽ ወረደ። «ዝናቡ በጣሪያው እየገባ ነው» አሉኝ። ዝናብ ግን አልነበረም፤ ገና ሚያዝያ ነው። ጠጋ ብዬ ሳሸተው የሬንጅ ሽታ ነበረው። ከጭሱ ውስጥ ያለው እርጥበትና ቅጥራን ቀዝቃዛው የቱቦ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ደግሞ ተገልብጦ ስለነበር ፈሳሹ በየመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦ በቱቦ ሲሰካ የላይኛው ቱቦ ጠባብ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት። እንዲህ ሲሆን የሚወርደው ነገር ሁሉ በውስጥ እንደወረደ እሳቱ ዘንድ ደርሶ ይቃጠላል። ለዓይን የሚቀናው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ብዙ ሠራተኛ ጠባቡን ጫፍ ወደ ላይ ያደርገዋል። ወጣቱ ብየዳ ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ ሲፈታው ከእጁ ላይ ያንን ጥቁር ቅጥራን ለማስለቀቅ ነጭ ጋዝ አስፈለገው።

ሌላው ነገር ቁመትና ቀጥተኛነት ነው። ጭስ ማውጫ የሚስበው በውስጡ ያለው የሞቀ አየር ውጭ ካለው ስለሚቀልል ነው፤ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ስበቱ ይጨምራል። አየራችን የሳሳ ስለሆነ እዚህ የሚተከል ቱቦ ቆላ ከሚተከለው ተመሳሳይ ቱቦ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ደክሞ ይስባል። ስለዚህ በቁመት አይቆጠቡ፤ እኔ ከምድጃው እስከ ጫፉ ከ4 ሜትር ባያንስ እመርጣለሁ። ቱቦው ቆርቆሮውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣ፤ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለው ማንኛውም የጣሪያ ክፍል ወይም ግድግዳም በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ከጣሪያው አናት በታች የቀረ ቱቦ ነፋስ ጣሪያውን ሲሻገር ጭሱን ወደ ታች ይደፋበታል። የጎረቤት ፎቅ የሚጋረድባቸው የአራዳና የፒያሳ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ይህ ችግር ደጋግሞ ይታያል። ቱቦው ከምድጃው መውጫ እንዳይጠብ፤ መታጠፍ ካለበትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በጥርት ባለ ማዕዘን ሳይሆን ዘመም ብሎ ይታጠፍ። አግድም የሚሄደው ክፍል አጭርና ወደ ላይ ከፍ እያለ የሚሄድ ይሁን። ጫፉ ላይ ዝናብ የሚከላከል ባርኔጣ ይደረግለት፤ ባርኔጣው ግን እንደ ክዳን ተጠግቶ ስበቱን እንዳያፍን።

የቱቦው ቁስ ላይ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ለእሳቱ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ሜትር ከጥቁር ላሜራ ይሠራ። ዚንክ የተቀባው ነጭ ቆርቆሮ በጣም ሲግል ለሳንባ የማይበጅ ተን ያወጣል። የፕላስቲክ ቱቦ በምንም ምክንያት አይታሰብ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቱቦው ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ነው። ቆርቆሮው አይቃጠልም፤ ከሥሩ ያለው ግን የባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ነው፤ ኮርኒሱም ጨርቅ ወይም ቺፕውድ ነው። ነጠላ ላሜራ ቱቦ ከእንጨት 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ምድጃው ራሱ ደግሞ ሊቃጠል ከሚችል ግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር። «ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም» የሚል መልስ አያጽናናኝም፤ ለዓመታት በሙቀት የተጠበሰ እንጨት እየደረቀና እየተቀየረ ሄዶ ከበፊቱ ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። በሦስተኛው ዓመት የሚነሣው እሳት የመጀመሪያው ዓመት ስሕተት ነው። ማገሮቹ ተቀራርበው ርቀቱ አልገኝ ካለ በቱቦው ላይ ሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ አልብሶ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ መተው፣ ኮርኒሱንም ሰፋ አድርጎ በአራት ማዕዘን ቆርጦ በላሜራ መዝጋት ነው። ክፍተቱ ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም ጭድ መጠቅጠቅ እሳት ማዘጋጀት ነው።

አሁን ደግሞ መግቢያው። ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ አፍ ያላነሰ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ይከፈት። ቱቦው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው በየጎኑ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይበቃዋል፤ አንድ ብሎኬት በከፊል እንደመተው ነው። ለአይጥ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት፤ መዝጊያ ግን አይኑረው። መዝጊያ ያለው ቀዳዳ ሐምሌ ሲገባ ይዘጋል፤ ይህን ከራሴ አውቃለሁ።

ተተክሎ ሲያበቃ ስበቱን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ጧፍ ነው። በርና መስኮቱን እንደሁልጊዜው ዘግተው፣ ምድጃው ለብ እንዲል ጥቂት ጭራሮ አንድደው፣ ጧፉን ወደ እሳቱ በር ያስጠጉ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ መልካም ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ እርስዎ ከተመለሰ ያ ምድጃ እንጀራ ሊጋገርበት አይገባም። በሩን ከፈት አድርገው ይድገሙት፤ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚስብ ከሆነ ችግሩ ቱቦው ሳይሆን የመግቢያው ቀዳዳ ማነስ ነው። ከዚያ ዕጣን ጨስ አድርገው በየመጋጠሚያው ያዙሩት፤ የዕጣኑ ጭስ ወደ ስንጥቅ ከገባ ያ ቦታ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይደፈን። የጎረቤቴ ምድጃ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። ቀዳዳው ወንፊት ላይ ለብርድ ብለው ያደረጉት ጨርቅ ሲነሣ አለፈ።

ስበት ከበዛም ጣጣ አለው፤ ነበልባሉ ወደ ቱቦው ወገን ይሮጥና ምጣዱ በዚያ በኩል ያራል፣ በወዲህ በኩል ዓይን አያወጣም። ለዚህ በቱቦው ውስጥ የሚዞር መቆጣጠሪያ ላሜራ ይገባል። ፍም እያለ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፤ ሲዘጋ ጋዙ የሚመለሰው ወደ ቤት ነው።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከቅዳሜ ገበያ ገዝቶ በዚያው ሳምንት መማገድ ቱቦን በቅጥራን መሙላት ነው፤ ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ ነፋስ እያገኘው ስድስት ወር ያህል ቢቆይ ይደርቃል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ሲመታ ድምፁ ጥርት ካለ ደርቋል፤ ድፍን ካለ ገና ነው። ቱቦው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በየቀኑ ለሚጋገርበት ቤት ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠረግ፤ የተከማቸ ቅጥራን ሲያያዝ ቱቦው ውስጥ የሚነሣው እሳት በሚያስፈራ ድምፅ ያገሳል። አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ደጅ ይቀመጥ። በአመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አይደፋ።

ሰው ከታፈነ

መጀመሪያ በርና መስኮት መክፈት፣ ወዲያው ሰውየውን ጎትቶ ንጹሕ አየር ላይ ማውጣት። የሚረዳው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ መቆየት የለበትም፤ እርሱም ይወድቃል። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ። ወተት፣ ሎሚ፣ ውሃ፣ ምንም ነገር በአፉ አይግባ፤ መርዙ የገባው በሳንባ ስለሆነ ወተት አያረክሰውም፣ ይልቁንም ያንቀዋል። ከዚያ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ቀድመው «ከሰል ቤት ውስጥ ነበረ» ይበሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል።

በዚያ ቤት ያደሩት ሁሉ፣ ደህና ነኝ የሚሉትም ጭምር፣ አብረው ይመርመሩ። ካገገሙ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ልብ ይበሏቸው። መርሳት፣ ግራ መጋባት፣ የአረማመድ ለውጥ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ከታየ ተመልሶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።